እትዬ በለጡ ያልመረጡልኝ ስኪ

ሬኒየር ቫሊ ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ማይክ ጨብጦ፣ «እማማ በለጡ ዝምተኛ፣ ትሑት፣ ከአፋቸው ክፉ ቃል ወጥቶ የማያውቅ እናት ነበሩ» ሲል ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ግን ምን ላድርግ? ሰውዬው የሌላ ሟች የሕይወት ታሪክ በስህተት ይዞ የመጣ ነው የመሰለኝ።

እኔ የማውቃቸው እትዬ በለጡ አንድን የአጥንት ሐኪም ሚስቱ ፊት አቁመው፣ «በዚህ ስኪ ከወረድክ ለራስህ በሽተኛ እየፈለግክ ነው» ያሉ ሴት ናቸው። ዝምተኛ! ድምፃቸው ከምድር ቤት ተነስቶ ደረጃውን ወጥቶ ውጭ የተሰለፈ ሰው ጆሮ ይገባ ነበር። ሰው ሲሞት ሬሳውን ማጠብ ወግ ነው፤ ጠባዩን አጥቦ ማንጣት ግን ምን የሚሉት ነው? ከረባታሙ ሰውዬ ከእሳቸው ጋር አንድ ከሰዓት ውሎ ቢሆን ኖሮ ያን ወረቀት በእጁ አይዝም ነበር። እኔ አራት ክረምት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። በድያቸውማለሁ። ስለዚህ የማውቃቸውን ልናገር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሲያትል ውስጥ አንድ ትልቅ የስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ሱቅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ቦታው ላይ የለም። ላይ ፎቅ ሽያጭ፣ በሩ አጠገብ ኪራይ፣ ምድር ቤት ደግሞ ጥገና ነው። የምድር ቤቱ ባለቤት እትዬ በለጡ ነበሩ፤ በወረቀት ሳይሆን በአፋቸውና በእጃቸው። አዲስ አበባ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተው፣ ወደ ሃምሳ ሲጠጉ እህታቸው ናት ወደ አሜሪካ ያስመጣቻቸው። ሱቁ መጀመሪያ የቀጠራቸው የስኪ ቡት ከደንበኛ እግር ጋር እንዲያስማሙ ነበር። ካልሲውን ያወለቀ እግር አይተው ሰውዬው ሲቆም ክብደቱን የት ላይ እንደሚጥል ይነግሩታል። በሁለተኛው ዓመት ሞረድ ጨበጡ፣ ጠርዝ መሳልና ሰም መቀባት ያዙ። በሦስተኛው ዓመት ስኪውን ከቡቱ ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ የሚገጥሙትና የሚያስተካክሉት እሳቸው ሆኑ። ላይ ፎቅ ያሉት ሻጮች ፀጉራቸውን ለመቀባት የሚወስድባቸውን ጊዜ ያህል እንኳ ስለ ስኪ አስበው አያውቁም፤ ይሄንን ያሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ግን እፈርምበታለሁ።

አዲስ ስኪ ሊገዛ የመጣ ሰው እሳቸው ዘንድ ከደረሰ መጀመሪያ የሚጠየቀው አሮጌውን ነው። ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ያስተኙትና አውራ ጣታቸውን በብረቱ ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስኬዱታል።

«የትኛውን መንገድ ነው የምትወርደው?» ይሉታል፣ በዚያ ስብርብር ባለ እንግሊዝኛቸው።

«ጥቁሩን» ይላል ደንበኛው። ተራራው ላይ አረንጓዴው መንገድ ለጀማሪ፣ ሰማያዊው ለመካከለኛ፣ ጥቁሩ ለጎበዝ ነው፤ ሲያትል ውስጥ ግን ሰማያዊውን እወርዳለሁ የሚል ወንድ አጋጥሞኝ አያውቅም።

«ውሸት» ይላሉ እትዬ በለጡ። «የፊቱ ጠርዝ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የተበላው የኋላው ብቻ። ሶ፣ አንተ አትታጠፍም፣ ኋላህ ላይ ተቀምጠህ እየጠረግክ ነው የምትወርደው። መጥረጊያ ልስጥህ?»

ደንበኛው ይቀላል። አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ያሉት ሻጮች ደግሞ የሚፈልገውን ይነግሩታል። ያኔ ከተማው በኮምፒውተር ሀብት ሰክሮ ነበር። ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ስኪ የሚለካው በራሱ ቁመት ሳይሆን ጓደኛው በገዛው ነው። ረጅም ስኪ፣ ደረቅ ስኪ፣ ሻምፒዮን የሚይዘው ዓይነት ስኪ። ቅዳሜ ተሸክሞት ይወጣል፣ እሁድ ተሸክሞት ይመለሳል። ስኪው ላይ ቆሞ ካሳለፈው ጊዜ ትከሻው ላይ ያሳለፈው ይበልጣል።

በዚያ ዘመን አዳዲሶቹ ስኪዎች መጡ፤ ፊትና ኋላቸው ሰፋ፣ ወገባቸው ጠበብ፣ ቁመታቸውም አጠር ያሉ። ከእነሱም ውስጥ በጠፍጣፋውም፣ በጎርበጥባጣውም፣ አዲስ በወረደውም በረዶ ላይ እንዲሠሩ የታሰቡት «ለተራራው ሁሉ» ተብለው ነበር የሚሸጡት። ሻጮቹ መጀመሪያ ላይ ሳቁባቸው። እትዬ በለጡ አልሳቁም። አንዱን ወደ ምድር ቤት አስወረዱ፣ ጫፉን መሬት አስይዘው መሐሉን በመዳፋቸው ገፉት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በርዝመቱ አዩት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ዕቃ በጎ ቃል ሲናገሩ ሰማሁ። «ይሄ ነገር እኮ መታጠፍ የሚያውቅ ነው። ሰውዬው ባያውቅ እንኳ።»

እኔ በዲቪ በመጣሁ በሁለተኛው ወር ኪራይ ክፍል ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ለማናጀሩ የሰጡት ምስክርነት፣ «ብልህ አይደለም፣ ግን ሰዓት ያከብራል» የሚል ነበር። ሠላሳ ዓመቴ ነበር፤ ከዝናብ ጋር ከሚወርደው ጠጠር በቀር በረዶ ያየሁት ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው። የሱቁ ሠራተኛ ተራራው ላይ በነፃ ስለሚወጣ እኔም ወጣሁ። መጀመሪያ ክረምት ወደቅኩ፣ ሁለተኛው ክረምት አረንጓዴውን ጨረስኩ፣ በሦስተኛው ሰማያዊውን ሁለቱን ስኪዎች ገጥሜ መውረድ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚይዘው በሽታ ያዘኝ። የኪራይ ስኪ አስጠላኝ፤ የራሴን አማረኝ።

እትዬ በለጡ ራሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዱ ነበር። ሰማያዊውን ብቻ፣ በዝግታ፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው፣ አንዷን መታጠፊያ ከሌላዋ ሳያምታቱ። ጥቁሩን ለምን እንደማይሞክሩት ስጠይቃቸው፣ «ማን ፈረደብኝ?» አሉኝ።

ስኪ መግዛት እንደምፈልግ የነገርኳቸው አራተኛው ክረምት ሲገባ ነው። እንደማንኛውም ደንበኛ አቆሙኝ።

«በዓመት ስንት ቀን ትወጣለህ?»

«ሃያ ያህል።»

«ምሳ ሰዓት ላይ የሚያምህ የትኛው ጡንቻህ ነው?»

«ጭኔ።»

«ፊት ለፊቱ፣ አይደል? ወደ ኋላ ስለምትቀመጥ ነው። ስትወድቅስ ወዴት ነው የምትወድቀው?»

«ብዙ አልወድቅም።»

«አልጠየቅኩህም፤ ወዴት ነው ያልኩህ።»

«ወደ ኋላ» አልኩ።

ከመደርደሪያው አንድ ጥንድ አወጡ። ከቁመቴ በሦስት ሳንቲም ብቻ ይበልጣል፣ ወገቡ ሰባት ሳንቲም ገደማ፣ በእጅ ሲጫኑት እሺ የሚል። «ይሄ ነው ያንተ። እዚህ አገር የሚወርደው በረዶ የረጠበ ሲሚንቶ ነው፤ ቀጭን ስኪ ይቀበርብሃል። በጣም ሰፊው ደግሞ ጠዋት በረዶው ሲደርቅ ይንሸራተትብሃል። ደረቁ ስኪ የሚታጠፈው በፍጥነትና በጉልበት ለሚጫነው ሰው ነው፤ አንተ ሁለቱም የለህም። ይሄኛው ስትሳሳት ይነግርሃል እንጂ አይቀጣህም። እያሻሻልክ ላለህ ሰው ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ዛሬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ ምክር በሕይወቴ የሰጠኝ ሰው የለም። ያን ቀን ግን ተሰደብኩ ነው ያልኩት። ምክንያቱም ሳምሶን ነበረ። ሳምሶን ሌክ ሲቲ አብሮኝ የሚኖር ጓደኛዬ ነው፤ አውሮፕላን የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ ስለሚበር ነገር ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲም የሆነ የውድድር ስኪ ገዝቶ ነበር። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን አቁሞ እንግዳ ሲመጣ ያስተዋውቀዋል። መታጠፍ አይችልም፤ ቀጥ ብሎ ወርዶ አንድ ነገር ሲመታ ነው የሚቆመው። ይህን ፍጥነት ይለዋል። እኔ ሞኝ ደግሞ ከዚህ ሰው ላለማነስ ስል እትዬ በለጡ እረፍት በወጡበት ቀን ላይ ፎቅ ወጥቼ ሁለት ሜትር ከሦስት ሳንቲም የሆነ ደረቅ ስኪ ገዛሁ። ሻጩ «ዩ ዊል ግሮው ኢንቱ ኢት»፣ እያደር ይልክሃል፣ አለኝ፤ ለልጅ ኮት የምትገዛ እናት የምትለውን።

ማሰሪያው ሲገጠም የሚሞላ ቅጽ አለ። ክብደትህን፣ ቁመትህን፣ ዕድሜህን ትጽፋለህ፤ ከዚያ ሦስት ሳጥን አለ። አንድ ማለት የሚጠነቀቅ፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሦስት ደፋርና ፈጣን። ማሰሪያው ስትወድቅ ምን ያህል ጉልበት ሲያርፍበት እንደሚለቅህ የሚወሰነው በዚያ ነው። ለደፋሩ ይጠብቃል፣ ለጠንቃቃው ይላላል። ሦስት ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

እትዬ በለጡ በማግሥቱ ስኪውን አዩ፣ ቅጹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ሦስት?»

ኪራይ ክፍል የሚሠሩት ሁለት ልጆች ደረጃው ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «እትዬ በለጡ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እርስዎ ጥቁሩን ወርደው ስለማያውቁ ሊፈርዱብኝ አይችሉም።»

ስድብ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። መፍቻቸውን አነሱ፣ ሰንጠረዡን አዩ፣ ቅጹ በሚያዘው ቁጥር ላይ አስተካከሉት። በዚያ ምድር ቤት ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲጨርሱ ቅጹን ዘረጉልኝና፣ «ፋይል ውስጥ አስገባው» አሉ። ፋይሉ ያለው ኪራይ ክፍል፣ የእኔው ጠረጴዛ ላይ ነው። እነዚያ ሁለት ልጆች ስወርድ አይተውኛል፤ «ሦስት» የሚለውን ቢያነቡ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ያደርጉኝ ነበር። ቅጹን አጥፌ የጃኬቴ ውስጥ ኪስ ከተትኩት።

የካቲት ላይ፣ ሌሊቱን ሲጥል ባደረ ከባድ በረዶ፣ ሳምሶን ጥቁሩ መንገድ አናት ላይ አድርሶኝ ቀድሞ ወረደ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የአንዱ ስኪ ጫፍ በረዶው ውስጥ ገባ። እኔ ወደ ኋላ ወደቅኩ፣ ሰውነቴ ዞረ፣ ስኪው አልዞረም፣ ማሰሪያው አልለቀቀም። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ሳምሶን ከታች ሆኖ «ተነስ! ተነስ እንጂ!» ይላል። የተራራው የነፍስ አድን ሠራተኞች በሸርተቴ ጠፍረው አወረዱኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማናጀሩ አበባ ይዞ ሆስፒታል መጣ። አበባው ለእኔ ነው፣ ፍርሃቱ ለሱቁ። «ማሰሪያው ላንተ ከሚገባው በላይ ጠብቆ ነው የተገኘው» አለኝ። «ቅጹን ፈለግን፣ የለም። በለጡ ሦስት ብለህ እንደፈረምክ ትናገራለች። ፈርመሃል?»

ጃኬቴ ከአልጋው ጎን ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«አላስታውስም» አልኩ።

ሰው ራሱን የሚንቅበት ምክንያት ካጣ ይህን ዓይነት ቃል አንዴ ይሞክረው። በሳምንቱ እትዬ በለጡን አሰናበቷቸው። ያለ ቅጽ ማሰሪያ ገጥመዋል ተባለ። ሳምሶን ነው ያወራልኝ፤ ደስ ብሎታል። «ሱቁን ክሰስ፣ ቤት ትገዛበታለህ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ይህን ሰው እንዴት ጓደኛ አድርጌ እንደያዝኩት ራሴን የጠየቅኩት። መልሱ ቀላል ነበር፤ ከእሱ የማልሻል ሰው ስለነበርኩ ነው።

አምስት ሳምንት ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር አምስት ሳምንት የፈጀብኝ ጉልበቴ አይደለም። በየቀኑ ጃኬቱን አያለሁ፣ በየቀኑ ነገ እላለሁ። በመጨረሻ በክራንች ሱቁ ድረስ ሄጄ ቅጹን የማናጀሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። አንብቦ፣ ፊርማዬን አይቶ፣ ሥራዬን ዛሬውኑ እንድለቅ ነገረኝ። ስልኩንም አነሳ፤ እትዬ በለጡን ኮል አድርጎ እንዲመለሱ ሲለምናቸው አጠገቡ ቆሜያለሁ። ከስልኩ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ሰውዬው ጆሮውን ራቅ አደረገ። አልተመለሱም።

ከዚያ ወደ እሳቸው ቤት ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። በሩን ከፍተው ደረጃውን በክራንች ስወጣ ከላይ ቆመው ያዩኛል። አንድ እርምጃ አልወረዱም።

«አሁን ነው የመጣኸው?» አሉ ስደርስ። «ጉልበትህ መታጠፍ ጀምሯል ማለት ነው።»

«እትዬ በለጡ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ቅጹ እኔ ጋ ነበር። ፈርቼ ነው። አፍሬ—»

«ኪስህ ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ። ደረጃውን ስትወጣ ስትከተው አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩብኝም?»

«ነገርኳቸው። ኪሱን ፈትሹት አልኳቸው። ታማሚን አንፈትሽም አሉኝ።» በሩን በእግራቸው ደግፈው ቆሙ። «እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ስትሰድበኝ ተናደድኩና፣ ይድረስበት ብዬ አጠበቅኩልህ። ሕጉ አድርጊ ይላል፣ አደረግኩ። ግን ሲወርድ ያየሁትን ሰው እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት በእጄ ሠርቻለሁ፤ ሰው እንዲጎዳ ብዬ የሠራሁት ያን አንዱን ብቻ ነው። ስለ ጉልበትህ እኔም አዝናለሁ። ስለ ሥራዬ ግን ይቅርታህን አልቀበልም። ይቅርታ የምትጠይቀው ቀሎህ እንድትሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ አንተን ማቅለል ሥራዬ አይደለም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ውረድ። ተጠንቅቀህ።»

በሩን ዘጉት።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ዋይት ሴንተር ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ የራሳቸውን የስኪ ጥገና ከፈቱ። ማስታወቂያ አልነበረውም። ቢሆንም እነዚያ የተሰደቡት ሁሉ ተከትለዋቸው መጡ፤ የኮምፒውተር ልጆች ከሐይቁ ማዶ ድልድይ ተሻግረው፣ ፓርክ ማድረጊያ አጥተው ዞረው ዞረው፣ መጥረጊያ ልስጥህ ሊባሉ ይሰለፋሉ። የአጥንት ሐኪሙም ነበረ። ሰው አንዴ እውነት ከተነገረው በኋላ የላይ ፎቅ ሻጭ አይጥመውም መሰለኝ።

ሐኪሜ መንሸራተት ትችላለህ ሲለኝ እኔም ሄጄ ተሰለፍኩ። ያን ረጅሙን ስኪ ይዤ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰላምታ የለም። ስኪውን ተቀብለው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው አስኬዱትና፣ «ይሄን ለሚችለው ሰው እሸጥልሃለሁ» አሉ። ከመደርደሪያው ያን የመጀመሪያውን ዓይነት ጥንድ አወረዱ፣ በአምስት ሳንቲም ያጠረውን። ለምን አጠረ ብዬ አልጠየቅኩም። ቅጹን ሰጡኝ፤ አንድ ላይ ምልክት አደረግኩ። ፊርማዬን አይተው ቅጹን ራሳቸው ፋይል ውስጥ አስገቡት።

ቅዳሜ ተራራው ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ሰማያዊው አናት ላይ ቆሜ ማሰሪያዬን ሁለቴ ፈተሽኩ። ወደ ግራ ዘንበል ስል ስኪው ቀድሞኝ ዞረ። ምንም አልታገልኩትም። ወደ ቀኝ ዘንበል አልኩ፣ ዞረ። ጭኔ አላመመኝም፤ ክብደቴ መጀመሪያም መሆን የነበረበት ቦታ፣ የእግሬ ፊት ላይ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠርገው የኖርኩትን ተራራ ያን ቀን ነው የታጠፍኩበት። ታች ደርሼ ስቆም ትንፋሼ ተቆራርጧል፣ በጓንቴ ዓይኔን እጠርጋለሁ፤ ብርዱ ነው ብል ማንም አያምነኝም።

ሰውን በወንበር ወደ አናት የሚያወጣው ሊፍት አጠገብ አንዲት አጠር ያሉ ሴትዮ በስኪ ዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ከላይ ጀምሮ ሲያዩኝ እንደነበር ገባኝ። ተጠግቼ ቆምኩ።

እትዬ በለጡ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አሁን ገና ጀማሪ ሆንክ» አሉና፣ ወደ ሊፍቱ ሰልፍ ተንሸራተቱ። ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ በዱላቸው መታ መታ አደረጉት። «ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!»